ማቆያ የሌለበት ማጀት፦ በመንትዮቹ ከተሞች የሳምንቱን ምግብ በቤት ማዘጋጀት

ሚኒያፖሊስ መሐል፣ ሚሲሲፒ ወንዝ በቅዱስ አንቶኒ ፏፏቴ በሚወርድበት ዳርቻ፣ የድሮ የዱቄት ፋብሪካዎች ግድግዳ አሁንም ቆሞ ይታያል። እ.ኤ.አ. ከ1880 እስከ 1930 ድረስ በዱቄት ምርት ይህችን ከተማ የሚስተካከል በዓለም ላይ አልነበረም። ከነዚያ ወፍጮዎች አንዱ የነበረው የዋሽበርን ሕንፃ ዛሬ «ሚል ሲቲ» የተባለ ሙዚየም ሆኗል። የዚሁ ወፍጮ ኩባንያ በ1921 ቤቲ ክሮከር የሚለውን ስም ፈጠረ። ተተኪው ጄነራል ሚልስ በ1931 ተዘጋጅቶ የተደባለቀውን ቢስኩዊክ የተባለ ዱቄት፣ በ1941 ደግሞ ዛሬ ቺሪዮስ የሚባለውን የቁርስ ምግብ ለገበያ አቀረበ። ከዚህ በስተደቡብ በምትገኘው በኦስቲን ከተማ ሆርሜል የተባለው ኩባንያ በ1937 ስፓም የተባለውን የቆርቆሮ ሥጋ ማምረት ጀመረ። አሜሪካ ከካርቶንና ከቆርቆሮ አውጥቶ መብላትን ከለመደችባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ የሚኒሶታ ምድር ነው።

በዚሁ ምድር በርካታ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ይኖራሉ። አባት የሌሊት ፈረቃ፣ እናት የቀን ፈረቃ፣ ልጆች ትምህርት ቤት፤ ሁሉም በየሰዓቱ ይገባል፣ በየሰዓቱ ይወጣል። እንዲህ በሚኖር ቤት የታሸገ ምግብ መግባቱ የስንፍና ምልክት አይደለም። ምግቡ ዝግጁ ነው፤ ቶሎም አይበላሽም። ማቆያ የሚባለው ንጥረ ነገር የሚጨመረውም ለዚሁ ነው።

ማቆያውን ማስቀረት የሚፈልግ ቤተሰብ ስለዚህ ምግቡን የሚያቆይበት ሌላ ዘዴ ያስፈልገዋል። የኢትዮጵያ ማጀት ደግሞ ዘዴ አያጣም። በርበሬ ይደርቃል፣ ቅቤ ይነጠራል፣ ሊጥ ይቦካል፣ ሥጋ ቋንጣ ይሆናል፣ የተረፈ እንጀራ ደርቆ ድርቆሽ ይወጣዋል። እዚህ በዚህ ሁሉ ላይ ፍሪዘር ተጨምሯል። ከሳምንቱ ግማሽ ቀን ለቁሌት፣ ለቅመምና ለሊጥ የሰጠ ቤት የቀሩትን ቀናት በግማሽ ሰዓት ውስጥ ትኩስ ወጥ ያቀርባል። ከዚህ በታች ያለው መመሪያ ያንን ግማሽ ቀን ደረጃ በደረጃ ያሳያል።

አንደኛ፦ በቤት ያለውን አውጥተው ያንብቡ

ከመግዛት በፊት ቁም ሣጥኑንና ፍሪጁን ይክፈቱ። በአሜሪካ ሕግ መሠረት በማሸጊያው ላይ የሚዘረዘሩት ነገሮች በክብደታቸው ቅደም ተከተል ነው የሚጻፉት፤ መጀመሪያ የተጻፈው ከሁሉ ይበዛል። ስኳር ወይም ጨው ከላይ ከተቀመጠ የዕቃው ነገር እዚያው ታወቀ።

በብዛት የሚያጋጥሙት ማቆያዎች ጥቂት ናቸው። ካልሲየም ፕሮፒዮኔት ዳቦ እንዳይሻግት ያደርጋል። ሶዲየም ቤንዞኤትና ፖታሲየም ሶርቤት በስጎ፣ በጭማቂና በለስላሳ መጠጥ ውስጥ ይገባሉ። ቢኤችኤና ቲቢኤችኪው ዘይትና ቅባት እንዳይቆመጥጥ ይጨመራሉ። ሶዲየም ናይትራይት ደግሞ ቋሊማን፣ ቤከንንና የሳንድዊች ሥጋን ቀይ አድርጎ ያቆያል።

ሁሉንም በአንድ ዓይን ማየት ግን ልክ አይሆንም። በነጭ ዱቄት ላይ የሚጨመረው ፎሊክ አሲድ ከ1998 ጀምሮ በሕግ የታዘዘው ሕፃናት ከአከርካሪና ከአንጎል አፈጣጠር ጉድለት እንዲድኑ ነው፤ ያንን የሚሸሹበት ምክንያት የለም። በሌላ በኩል የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2015 እንደ ቋሊማና ቤከን ያለውን የተቀናበረ ሥጋ ካንሰር ከሚያመጡት መደብ አስገብቶታል። «ናይትሬት አልተጨመረበትም» የሚል ጽሑፍ ያለበት ሥጋም ብዙ ጊዜ ናይትሬቱን የሚያገኘው ከሴለሪ ዱቄት ስለሆነ በስሙ ብቻ አይረኩ። ቀይ ቁጥር 3 የተባለው ማቅለሚያ በጥር 2025 በፌዴራሉ የምግብና መድኃኒት መሥሪያ ቤት ከምግብ እንዲወጣ ተወስኗል፤ አምራቾች የጊዜ ገደብ ስለተሰጣቸው ግን አሮጌ ከረሜላና ኬክ ማስጌጫ ላይ አሁንም ሊገኝ ይችላል። ዳቦ ጋጋሪዎች የሚጠቀሙበት ፖታሲየም ብሮሜት በአውሮፓ ኅብረትና በካናዳ የተከለከለ ነው፤ ዱቄት ሲገዙ «አንብሮሜትድ» የሚለውን ይምረጡ።

ከሁሉም በላይ ጨው ላይ ያተኩሩ። የምግብና መድኃኒት መሥሪያ ቤቱ ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በቀን ከ2,300 ሚሊ ግራም ያልበለጠ ሶዲየም ነው። አሜሪካውያን ከሚወስዱት ሶዲየም ከ70 በመቶ የሚበልጠው ደግሞ ከታሸገ ምግብና ከምግብ ቤት ይመጣል። በየቤቱ የገባው የሾርባ ኩብ በዋናነት ጨው ነው። ደም ግፊት ያለበት ሰው በቤቱ ካለ መጀመሪያ የሚወጣው ይህ ኩብ ይሁን። በምትኩ ምን እንደሚገባ ወደ ታች ይመጣል።

የታሸገ ምግብ የሚያስከትለው ነገር በኬሚካሉ ብቻ አያበቃም። በ2019 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ተመራማሪ ኬቨን ሆልና ባልደረቦቹ 20 ሰዎችን ለአራት ሳምንት በተቋሙ አስቀምጠው መገቡ። ሰዎቹ እጅግ የተቀናበረ ምግብ ሲቀርብላቸው ካልተቀናበረው ይልቅ በቀን 500 ካሎሪ ያህል አብልጠው በሉ፤ ክብደትም ጨመሩ። የቀረበላቸው ስኳር፣ ጨውና ቅባት በሁለቱም በኩል ተመጣጣኝ ነበር።

ሁለተኛ፦ ጥሬ ዕቃውን ከትክክለኛው ቦታ ይግዙ

ክክ፣ ምስር፣ ሽምብራ፣ አጃና ስንዴ በኪሎ ከሚዘገንበት መግዛት ይሻላል። በሚኒያፖሊስ በ1972 የተቋቋመው ሴዋርድ እና በ1974 የተቋቋመው ዌጅ፣ በመንትያዋ በሴንት ፖል ደግሞ ሚሲሲፒ ማርኬት የኅብረት ሥራ ሱቆች ናቸው። እህሉ በትልልቅ ማስቀመጫ ተሞልቶ የሚፈልጉትን ያህል ይቀዳሉ። ለመግዛት አባል መሆን አያስፈልግም።

አትክልት በበጋው ወራት ከገበሬ ገበያ ይግዙ። ከ1850ዎቹ ጀምሮ የቆየው የሴንት ፖል ገበያ ሎወርታውን በተባለው ሰፈር ይቆማል፤ በዚያ የሚሸጡት ገበሬዎች ራሳቸው ያመረቱትን ነው። ከሻጮቹ ብዙዎቹ ከላኦስ ጦርነት በኋላ ወደ ሚኒሶታ የመጡ የህሞንግ ቤተሰቦች ናቸው። ጎመን፣ ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርትና ድምብላል ቅጠል ጠዋት የተቀጠፈ ያገኛሉ። ስናፕ የተባለው የመንግሥት የምግብ ድጋፍ ካርድ ያለው ሰው በብዙዎቹ የገበሬ ገበያዎች «ማርኬት ባክስ» የተባለ ተጨማሪ ኩፖን ይሰጠዋል፤ ከመግዛትዎ በፊት በመረጃ ጠረጴዛው ላይ ይጠይቁ።

ለበርበሬ የሚሆን ዛላ ፍለጋ ከሜክሲኮ ሱቆች ይጀምሩ። በሌክ ጎዳና ያለው ሜርካዶ ሴንትራልና በሴንት ፖል ዌስት ሳይድ የሚገኘው ኤል ቡሪቶ ሜርካዶ ለዚህ ይመቻሉ። ጓሂዮ የተባለው ረጅም ደረቅ ዛላ ቀለሙ ጥልቅ፣ ማቃጠሉ ለስላሳ ስለሆነ ለበርበሬ ይሆናል። ለማቃጠል ቺሌ ደ አርቦል የተባለውን ትንሹን ጥቂት ይጨምሩበት። ኮረሪማ፣ ኮሰረት፣ በሶብላና ጥቁር አዝሙድ ከሐበሻ ሱቅ ይገኛሉ። የሚችሉ ከሆነ ያልተፈጨ ይግዙ፤ ባዕድ ነገር ከተፈጨ ቅመም ጋር ይደባለቃል እንጂ ከፍሬ ጋር መደባለቁ ከባድ ነው።

ዶሮ ሲገዙ ደግሞ በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን ይፈልጉ። አንዳንዱ የአሜሪካ ዶሮ ጨዋማ ውሃ ይወጋበታል፤ «ይህን ያህል በመቶ ሶሉሽን ይዟል» ተብሎ ይጻፋል። እንዲህ ያለ ዶሮ ድስት ውስጥ ውሃውን ይለቅና ቁሌቱን ያቀጥነዋል። ለወጥ ሌላ ይምረጡ።

ሦስተኛ፦ የቅዳሜው ግማሽ ቀን

በአፓርታማ የሚኖሩ ከሆነ ከምንም በፊት የምድጃውን የጭስ መሳቢያ ያብሩ፣ መስኮት ይክፈቱ። በርበሬ ሲቁላላ የሚወጣው ጢስ የማስጠንቀቂያውን ደወል አስጩኾ ሕንፃውን በሙሉ ሊያስወጣ ይችላል።

*ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት።* በብልቃጥ ተፈጭቶ የሚሸጠው ነጭ ሽንኩርት አሲድ የሚጨመርበት በምክንያት ነው። ነጭ ሽንኩርት አፈር ውስጥ የሚኖረውን የቦቱሊዝም ባክቴሪያ ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ አየር በሌለበት ዘይት ውስጥ ከሙቀት ጋር ሲቀመጥ ባክቴሪያው ገዳይ መርዝ ያመርታል። አሲዱን ሲያስቀሩ ሥራውን ለፍሪዘር ይስጡት። ግማሽ ፓውንድ የተላጠ ነጭ ሽንኩርትና ያንኑ ያህል ዝንጅብል በጥቂት ውሃ በብሌንደር ይፍጩ። በበረዶ መሥሪያ ጉድጓዶች ሞልተው ያቀዝቅዙ፤ ሲጠጥር አውጥተው ወደ ከረጢት ይገልብጡ። የሾርባ ኩቡ የነበረበትን ቦታ ከአሁን በኋላ ይህ ኩብ ይይዛል።

*ቁሌት።* ባለ 5 ፓውንድ ከረጢት ቀይ ሽንኩርት፣ ማለትም ከ2 ኪሎ ጥቂት የሚበልጥ፣ በደቃቁ ይከተፋል። ወፍራም መቀመጫ ባለው ድስት ያለ ዘይት፣ በመካከለኛ እሳት ከ30 እስከ 40 ደቂቃ እያማሰሉ ያብስሉ። ሽንኩርቱ መጀመሪያ ውሃውን ይተፋል፤ ከዚያ ውሃው ይመጥና ማማሰያው ከድስቱ ወለል ላይ መንገድ ሲያወጣ መንገዱ ቶሎ አይዘጋም። ዘይት የሚጨመረው ያን ጊዜ ነው፤ ሦስት አራተኛ ኩባያ ይበቃል። አምስት የዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ኩቦች አክለው ሌላ 15 ደቂቃ ያቁላሉ።

አሁን ለሁለት ይክፈሉት። አንዱ ለአልጫ ነጭ ሆኖ ይቀመጣል። በሌላው ላይ ግማሽ ኩባያ በርበሬ (አዘገጃጀቱ ቀጥሎ ይመጣል) ጨምረው፣ እንዳይዝ በየጊዜው ጥቂት ትኩስ ውሃ ጠብ እያደረጉ፣ ጥሬ ሽታው ጠፍቶ ዘይቱ በዳር በኩል ቀይ ሆኖ እስኪወጣ 20 ደቂቃ ያህል ያቁላሉ። ሲበርድ በአንድ አንድ ኩባያ እየለኩ በከረጢት ያሽጉ፣ ጠፍጣፋ አድርገው ፍሪዘር ያስገቡ። ጠፍጣፋው ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ቶሎም ይሟሟል።

*በርበሬ።* ግማሽ ፓውንድ ጓሂዮ ግንዱንና ፍሬውን አውጥተው በ200 ዲግሪ ፋራናይት ኦቨን ውስጥ እስኪንኮሻኮሽ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ያሙቁ። ስምንት ወይም አስር ቺሌ ደ አርቦል፣ አንድ አንድ የሾርባ ማንኪያ ኮረሪማ፣ ድምብላል፣ በሶብላ፣ ደረቅ ዝንጅብል፣ ደረቅ ነጭ ሽንኩርትና ጨው፣ አንድ አንድ የሻይ ማንኪያ አብሽ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ነጭ አዝሙድና ቁንዶ በርበሬ ያዘጋጁ። ፍሬ የሆኑትን ቅመሞች በደረቅ መጥበሻ መዓዛቸው እስኪነሣ አምሰው ሁሉንም በቡና መፍጫ ፈጭተው ይንፉ።

ማድረቁን አያቃልሉ። በ1996 የታተመ አንድ ጥናት ከአዲስ አበባ በተሰበሰቡ የሽሮና የተፈጨ በርበሬ ናሙናዎች ውስጥ አፍላቶክሲን የተባለውን የሻጋታ መርዝ አግኝቷል። በቤት መዘጋጀቱ ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ እርጥበት ያለው በርበሬ የእናት እጅ ቢያዘጋጀውም ይሻግታል። ከአገር ቤት በሻንጣ የመጣውንም ሽሮና በርበሬ የወር ፍጆታ ብቻ ውጭ አስቀርተው ሌላውን ፍሪዘር ውስጥ ያኑሩት።

*ንጥር ቅቤ።* ሚኒሶታ የቅቤ አገር ነው፤ ላንድ ኦሌክስ የተባለው የገበሬዎች ኅብረት ሥራ በ1921 የተመሠረተው በሴንት ፖል ነበር። ጨው የሌለበትን ቅቤ ይግዙና ጀርባውን ያንብቡ። ብዙዎቹ ከክሬም ሌላ «የተፈጥሮ ጣዕም» የሚል ይጨምራሉ፤ ክሬም ብቻ የተጻፈበትም ይገኛል። ሁለት ፓውንድ፣ ማለትም ስምንት ዱላ ቅቤ በዝቅተኛ እሳት ያቅልጡ። ግማሽ ራስ ሽንኩርት፣ አራት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ የአውራ ጣት ያህል ዝንጅብል፣ አንድ አንድ የሾርባ ማንኪያ ኮሰረትና በሶብላ፣ አንድ አንድ የሻይ ማንኪያ ኮረሪማ፣ አብሽና እርድ ይጨምሩ። ሳይጠቁር ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት በቀስታ ይንተክተክ። አረፋው ሲተኛና የመንተክተኩ ድምፅ ሲጠፋ ውሃው አልቋል ማለት ነው። ከታች የተኛውን አተላ ሳይነኩ በንጹሕ ጨርቅ አጥልለው በደረቅ ብልቃጥ ይገልብጡ። ፍሪጅ ውስጥ ሁለትና ሦስት ወር ይቆያል።

አራተኛ፦ እንጀራውን ያቡኩ

በአሜሪካ ብዙ ቤት እንጀራን ለማፍጠን ሰልፍ ራይዚንግ የተባለውን ዱቄት ይቀላቅላል። ይህ ዱቄት ቤኪንግ ፓውደርና ጨው ገብቶበት የሚሸጥ ነው። ዓይኑን የሚያወጣው ቤኪንግ ፓውደሩ እንጂ እርሾው ስላልሆነ መኮምጠጡም፣ መቆየቱም ይቀንሳል። የቦካ ሊጥ አሲድ በተፈጥሮው እንጀራውን ከሻጋታ ለጥቂት ቀን ይጠብቀዋል።

የጤፍ ዱቄት ማግኘት አያስቸግርም። በ1970ዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ የሠራው ዌይን ካርልሰን ወደ አይዳሆ ተመልሶ ጤፍ ካስዘራ ወዲህ በአሜሪካ የበቀለ ጤፍ በሐበሻ ሱቆችና በኅብረት ሥራ ሱቆች ይሸጣል።

አምስት ኩባያ የጤፍ ዱቄት በአራት ኩባያ ለብ ያለ ውሃና በግማሽ ኩባያ እርሾ አሽተው ያቡኩ። እርሾ ከሌለዎት ከጎረቤት ይለምኑ፤ የጎረቤት እርሾ ከሁሉ ይበልጣል። ሊጡን ሸፍነው ከሁለት እስከ ሦስት ቀን ያስቀምጡ። በጥር ቅዝቃዜ ሊጥ አልነሣ ሲል ኦቨኑን ሳይለኩሱ መብራቱን ብቻ አብርተው እዚያ ውስጥ ያኑሩት፤ አምፖሉ የሚሰጠው ሙቀት በቂ ነው። ሌላ ሰው ሳያውቅ ኦቨኑን እንዳይለኩስ በሩ ላይ ወረቀት ይለጥፉ።

ሊጡ ሲበቃ ላዩ ላይ የተጠራቀመውን ቢጫ ውሃ ያንቆርቁሩ፤ ለሚቀጥለው ሳምንት እርሾ የሚሆን ጥቂት ያስቀሩ። ከሊጡ አንድ ኩባያ ወስደው በሁለት ኩባያ የፈላ ውሃ እያማሰሉ አብሲት ይጣሉ። ለብ ሲል ወደ ሊጡ መልሰው ያዋህዱት፣ በውሃም ያቅጥኑት። አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ቆይቶ ኩፍ ሲል ለመጋገር ደርሷል።

ምጣዱን በተመለከተ የሚኒሶታ ሰዎች ዕድለኞች ናቸው። ከኖርዌይ የመጡት ነዋሪዎች ሌፍሳ የሚባል የድንች ቂጣ የሚጋግሩበት፣ በጎረቤት አይዋ ክሬስኮ በምትባል ከተማ የሚሠራ ሄሪቴጅ የተባለ የኤሌክትሪክ ምጣድ አለ። ስፋቱ 16 ኢንች፣ ሙቀቱ እስከ 500 ዲግሪ ፋራናይት ነው። በአሜሪካ ያሉ ኢትዮጵያውያን ከረጅም ጊዜ ጀምሮ እንጀራ የሚጋግሩት በዚህ ነው። በደንብ ሲግል ከዳር ወደ መሐል እየዞሩ ያስፉ፣ ዓይኑ ወጥቶ ሲያልቅ ይክደኑት፣ ጠርዙ ሲነሣ ያውጡት። ሙሉ በሙሉ ከበረደ በኋላ የሁለት ቀኑን ውጭ አስቀርተው ቀሪውን በመካከሉ ወረቀት እያደረጉ አሽገው ፍሪዘር ያስገቡ።

አምስተኛ፦ በሥራ ቀን ማታ

ከሥራ ሲገቡ መጀመሪያ አንድ ከረጢት ቁሌት ድስት ውስጥ ይጨምሩ፤ ልብስዎን ቀይረው እስኪመለሱ ይሟሟል።

*ምስር ወጥ፦* በቀዩ ቁሌት ላይ አንድ ኩባያ የታጠበ ምስር ክክና ሦስት ኩባያ ትኩስ ውሃ ጨምረው ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ያብስሉ። ጨውና ቁንጥር መከለሻ በመጨረሻ ይገባል። ለአራት ሰው ይበቃል።

*ሽሮ፦* በቀዩ ቁሌት ላይ ሦስት ኩባያ ውሃ ያፍሉ፣ ግማሽ ኩባያ ሽሮ እንዳይጓጉል እየነሰነሱ ይምቱ፣ በዝቅተኛ እሳት ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይንተክተክ።

*ጎመን፦* ሁለት እስር ጎመን ቀቅለው ይክተፉ፣ በነጩ ቁሌት ላይ አንድ የዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ኩብ ጨምረው ያዋህዱ። ቃሪያ ከእሳት ሲወርድ ይጨመራል።

*ዶሮ፦* ለፍስክ ቀን ቆዳው የወጣ እግርና ታፋ በሎሚና በጨው አጥበው በሁለት ከረጢት ቀይ ቁሌትና በሁለት ማንኪያ ንጥር ቅቤ ያብስሉ። የሥጋው መሐል 165 ዲግሪ ፋራናይት መድረሱን በቴርሞሜትር ያረጋግጡ። ዶሮ በታጠበበት ጊዜ ውሃው የተረጨበትን ገንዳና ጠረጴዛ ወዲያው በሳሙና ይፈጉ።

ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ቤት ሳምንቱን ማቀድ አይከብደውም። ምስርና ሽሮው በጾሙ፣ ዶሮና እንቁላሉ በፍስኩ ቀን ይውላል፤ ቁሌቱ በዘይት ስለተሠራ ለሁሉም ይሆናል።

ለቁርስ በካርቶን የመጣውን ጣፋጭ እህል ቅንጬ ይተካው። አንድ ኩባያ ቡልጉር በሁለት ኩባያ ውሃ 15 ደቂቃ ቀቅለው በንጥር ቅቤና በትንሽ ጨው ያሹት። ለልጆች የምሳ ዕቃ ዳቦ ቆሎ ይመቻል፦ ሦስት ኩባያ ዱቄት፣ ሩብ ኩባያ ዘይት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨውና ግማሽ ማንኪያ በርበሬ በሦስት አራተኛ ኩባያ ውሃ ጠንከር አድርገው ያቡኩ። በጣት ውፍረት ድብልብል አድርገው በትንንሹ ይቁረጡ፣ በ350 ዲግሪ ኦቨን እየገለባበጡ ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ይጋግሩ። በሚገባ ስለሚደርቅ በተከደነ ዕቃ ሁለት ሳምንት ይቆያል። ቆሎ ከኦቾሎኒ ጋር ከመላክዎ በፊት ግን ትምህርት ቤቱ መፍቀዱን ይጠይቁ።

ስድስተኛ፦ የማቀዝቀዝ ሥርዓት

ማቆያ የሌለበት ምግብ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ከበሰለ በኋላ ባሉት ሰዓታት ነው። ባክቴሪያ በፍጥነት የሚራባው በ40 እና በ140 ዲግሪ ፋራናይት መካከል ነው። ስለዚህ የበሰለ ወጥ ከሁለት ሰዓት በላይ ምድጃ ላይ አይደር፤ ሌሊት ከድኖ ማሳደርና ጠዋት ማንተክተክ አይበቃም፤ አንዳንዱ ባክቴሪያ የሚተወው መርዝ በማፍላት አይጠፋም። ትልቁን ድስት እንዳለ ፍሪጅ ማስገባትም መሐሉ ለሰዓታት ሙቅ ሆኖ እንዲቆይ ያደርጋል። ሁለት ኢንች ጥልቀት ወዳላቸው ዕቃዎች ይከፋፍሉት።

በክረምት ድስቱን በረንዳ ላይ ማውጣት የተለመደ ነው። የውጭው አየር ግን ቀን ፀሐይ ሲመታው ይሞቃል፣ ሌሊት ይወርዳል፤ ሽኮኮም ይደርስበታል። በረዶውን ለማብረጃ ይጠቀሙበት፦ ገንዳውን በበረዶና በውሃ ሞልተው ድስቱን መሐል አስቀምጠው ያማስሉ፣ ቶሎ ይበርዳል።

ፍሪጁ ከ40 ዲግሪ ፋራናይት በታች፣ ፍሪዘሩ 0 መሆኑን በትንሽ ቴርሞሜትር ይመልከቱ። ፍሪጅ ያለ ወጥ ከሦስት እስከ አራት ቀን ባለው ጊዜ ይበላ፤ ከዚያ የሚያልፈውን በመጀመሪያው ቀን ፍሪዘር ያስገቡት። ሁለት ወይም ሦስት ወር ጣዕሙን አይለቅም። ሲያሞቁ እስኪፈላ፣ 165 ዲግሪ እስኪደርስ ያሙቁ። በየከረጢቱ ላይ የምግቡን ስምና ቀኑን ይጻፉ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ቀይ ቁሌትና ስልስ በዓይን አይለዩም።

ሰባተኛ፦ ለክረምቱ በነሐሴና በመስከረም ይዘጋጁ

የሚኒሶታ ቲማቲም ከነሐሴ ጀምሮ ገበያውን ይሞላዋል። ወደ መዝጊያው ሰዓት ሲሄዱ ብዙ ሻጮች ሙሉ ሣጥን በቅናሽ ይሰጣሉ። ቲማቲሙን አጥበው፣ ግንዱ የነበረበትን አውጥተው፣ ሳይቆርጡ በትሪ ላይ ዘርግተው ፍሪዘር ያስገቡ፤ ሲጠጥር በከረጢት ይሙሉት። ቃሪያም እንዲሁ ነው፤ ታጥቦ፣ በሚገባ ደርቆ፣ ተከትፎ ይገባል። በየካቲት ለስልስ ሲፈልጉት የቀዘቀዘውን ቲማቲም ለአንድ ደቂቃ ሙቅ ውሃ ውስጥ ይንከሩት፤ ቆዳው በእጅ ይላቀቃል። ከዚያ በነጩ ቁሌት ላይ ጨምረው ውሃው እስኪመጥ ያብስሉት።